ወተት ሳንባ አያጥብም

በጋራዥ፣ በቀለም ቅብ፣ በሲሚንቶ ማራገፍና በሞባይል ጥገና ለሚውሉ ወጣቶች አገሬው ያዘዘላቸው አንድ መድኃኒት አለ፤ ወተት። «ጭሱን ያጥብልሃል»፣ «ኬሚካሉን ይገፋልሃል» ይባላል። ምክሩ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአሠሪ ወደ ሠራተኛ፣ ከነባር ወደ ለማጅ ሲወርድ ኖሯል። ለሠራተኛው ወተት የሚገዛ አሠሪም ከዚያ በላይ ምንም የማይጠበቅበት ደግ ሰው ተደርጎ ይቆጠራል።

ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭስ የሚገባው ወደ ሳንባ። ጉሮሮ ላይ መንገዳቸው ይለያያል፤ ከዚያ በኋላ አይገናኙም። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ያገኘ ይጠጣው። ሳንባ ግን አያጥብም፤ አጥቦም አያውቅም።

ይህ እምነት ጉዳት የሌለው የአያት ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙግት ባላስፈለገው ነበር። ክፋቱ እውነተኛውን ጥያቄ መዝጋቱ ነው። ጭሱ መጀመሪያውኑ አፍንጫ ውስጥ ለምን ይገባል? በሞባይልና በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቆች ይህ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱ ውድ አይደለም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ማሽንም አይፈልግም። የተጣለ የኮምፒውተር ፋን፣ አንድ ባለ 12 ቮልት አዳፕተርና ቁራጭ የፍሳሽ ቱቦ ይበቁታል። ሊሠራው የሚችለው ባለሙያም ሌላ ሳይሆን ጭሱን የሚተነፍሰው ጠጋኝ ራሱ ነው። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በየሱቁ አለመኖሩ ነውር ነው። ነውሩ ደግሞ በአብዛኛው የጠጋኙ አይደለም።

▪️ እጣን የሚመስለው ጭስ

ከመርካቶ እስከ መገናኛ፣ ከክልል ከተሞች መናኸሪያ እስከ ኮንዶሚኒየም ሥር ያሉት ሱቆች ይመሳሰላሉ። ጠባብ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ማጉያ መነጽር፣ ቦርድ ላይ የተደፋ ወጣት። የሚነካው ነገር ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ስለሆነ ፊቱን ከሥራው ብዙ ማራቅ አይችልም። ሶልደሪንግ አይረኑ ቦርዱን ሲነካ ነጭ ጭስ እንደ ክር ይነሳል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣልና ጭሱ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ተደፋው ፊት ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጭስ ውስጥ ቶሎ የሚጠረጥረው እርሳስን ነው። ጥርጣሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። የተለመደው የሶልደር ሽቦ 60 ወይም 63 በመቶው ቲን፣ ቀሪው እርሳስ ነው። ሆኖም እርሳስ የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን የጠጋኙ አይረን የሚሠራው ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት እርሳሱ ይቀልጣል እንጂ ይህ ነው የሚባል ያህል አይተንም። ወደ ሰውነት የሚገባው በሌላ በር፣ በእጅ በኩል ነው። ሽቦ ሲይዝ የዋለ ጣት ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይገባል። ሁለቱም እጅ ተይዞ ሽቦው በጥርስ ሲነከስ ይገባል። ልብስ ላይ ያረፈው ብናኝ ደግሞ ቤት ድረስ ሄዶ የሚታቀፍ ሕፃን ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ ከሁሉም የከፋው ጉዳትም በሕፃናትና በጽንስ ላይ ነው። የዚህኛው መከላከያ ሳሙና፣ ውሃና ምሳን ከሥራ ጠረጴዛ ማራቅ ነው።

ነጩ ጭስ ግን የሚነሳው ከፍላክሱ ነው። ፍላክስ ብረቱን አጽድቶ ሶልደሩ እንዲይዝ የሚያደርግ ነገር ሲሆን በሽቦው ሆድ ውስጥ ተሞልቶም ለብቻው «ፔስት» ተብሎም ይሸጣል። ብዙው የሚሠራው ሮዚን ከሚባለው፣ ፓይን ከተሰኘ ዛፍ ከሚገኝ ሙጫ ነው።

አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው። ሽታው አያስጠላም። እጣንም የዛፍ ሙጫ ነው፤ ሮዚንም የዛፍ ሙጫ ነው። በቡናና በእጣን ጭስ መሐል ያደገ አፍንጫ ይህን ጭስ ጠላት ነው ብሎ አይነግርም። ሮዚን ሲጋል የሚወጣው ግን ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ጋዝ፣ አብሮትም አብዛኛው ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሚያንስ ደቃቅ ብናኝ ነው። እንዲህ ያለ ብናኝ አፍንጫ ላይ አይቀርም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል።

የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሮዚን ጭስን በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ዋነኛ መንስኤዎች ብሎ ከሚቆጥራቸው አንዱ አድርጎታል። በዚያ አገር በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሠራተኛው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.05 ሚሊግራም በላይ የሮዚን ጭስ እንዳይኖር ገደብ ተቀምጧል። 0.05 ሚሊግራም በግምት የአንዲት የገበታ ጨው ቅንጣት ክብደት ነው። ከአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ አንዲት የጨው ቅንጣት! እዚህ ደግሞ የሚለካም፣ የሚጠይቅም የለም።

▪️ «ብርድ መቶኝ ነው»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የሮዚን ጭስ በአንድ ቀን ማንንም አይጥልም። መጀመሪያ ዓይን ያለቅሳል፤ አፍንጫ ይዘጋል። «ሳይነስ አለብኝ» ይባላል። ቀጥሎ ማታ ማታ ሳል ይመጣል፤ ደረት ይጨመቃል። «ብርድ መቶኝ ነው» ይባላል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይጠጣል፤ ወተቱም ይጨመራል። እሁድ ሱቅ ስለሚዘጋ ሰውየው ይሻለዋል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ሰኞ ይመለስበታል።

ይህ «እሁድ ይሻለኛል» የሚባል ነገር ዋናው ምልክት ነው። ከሥራ ርቆ የሚሻል፣ ወደ ሥራ ተመልሶ የሚብስ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሥራውን ራሱን እንዲጠረጥሩ ያስገድዳል። ሐኪም ቤት የሚሄድ ጠጋኝ ሊናገር የሚገባው የመጀመሪያ ነገርም ይኸው ነው፤ ምን እንደሚሠራና በየትኛው ቀን እንደሚሻለው። ሐኪሙ ሳይጠይቀው ቢቀር እንኳ።

ትልቁ አደጋ ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰውነት አንዴ ሮዚንን እንደ ጠላት ከመዘገበ በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይመለስም። ከዚያ ወዲያ አስሙን ለመቀስቀስ ጥቂት ጭስ ይበቃል፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ጭስ እንኳ። ዓመታት የለፋበትን ሙያ፣ ደንበኞቹንና በድካም ያገኛትን ጠረጴዛ ጥሎ ከመሄድ ሌላ አማራጭ የማይኖረው ሰው ይኖራል። ስለዚህ ነገሩ የ«ትንሽ ሳል» ጉዳይ አይደለም። የእንጀራ ጉዳይ ነው።

▪️ የሚሰጡት ሰበቦች

የመጀመሪያው ሰበብ «አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም» የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ አስም ሁሉንም ሰው እኩል አይዝም፤ አንዱን በወራት፣ ሌላውን ከዓመታት በኋላ ይይዛል፤ አንዳንዱን ጨርሶ አይነካውም። ግን ሙያው ላይ የቆየው ያልታመመው ነው። የታመመው ሥራውን ትቶ ሄዷልና ምስክርነት የሚሰጥ በቦታው የለም። የተረፈውን ብቻ እያዩ አደጋ የለም ማለት፣ ወንዙን የተሻገረውን ብቻ ጠይቆ ውሃው አይወስድም እንደማለት ነው።

ሁለተኛው «በሩ ክፍት ነው» የሚል ነው። ክፍት በር ጭሱን ከክፍሉ ውስጥ ቀስ ብሎ ያሳሳዋል፤ ይህም ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ጭሱ ወደ በሩ ከመድረሱ በፊት በአፍንጫ በኩል ማለፉን አይከለክልም። ከጀርባ የሚነፍስ ቬንቲሌተርም ያው ነው፤ ጭሱን ከአንዱ ፊት አንስቶ ለጎረቤት ያደርሳል። በአንድ ወለል ላይ አሥር ጠጋኞች ተደርድረው በሚሠሩበት ቦታ ይህ መፍትሔ ሳይሆን ጭስ መቀባበል ነው።

ሦስተኛው ትንሽ የተማረው ሰበብ ነው፤ «የምጠቀመው እርሳስ የሌለበት ሶልደር ነው»። የአውሮፓ ኅብረት እርሳስን ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የገደበበት ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ተፈጻሚ ከሆነ ወዲህ በዓለም ገበያ እርሳስ አልባው ሶልደር ተስፋፍቷል። ለእጅና ለአካባቢ የተሻለ ነው። ለሳንባ ግን ያን ያህል ለውጥ የለውም። የድሮው ሶልደር በ183 ዲግሪ ሲቀልጥ እርሳስ አልባው ከ217 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አይረኑ የበለጠ ይሞቃል፤ ፍላክሱም የበለጠ ይጨሳል። ጭሱ የፍላክስ እንጂ የእርሳስ እንዳልነበረ ያላወቀ ሰው ነው እርሳሱ ሲወጣ ጭሱም የወጣ የሚመስለው።

ከኮሮና ወዲህ የመጣው አራተኛው ሰበብ ማስክ ነው። ስስ የሆነው ማስክ ከፊት ጋር አይገጥምም፤ ጭሱ በጎንና በጎን ይገባል። ጥሩ የሚባለው ማስክም ብናኙን ይይዛል እንጂ ጋዙን አያቆምም። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር የሚነጋገር ሰው አውልቆ አገጩ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሁሉም ያየው ነገር ነው።

የመጨረሻው፣ ከሁሉም የሚከበረው ሰበብ፣ ድህነት ነው። «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እኛ መጀመሪያ እንብላ» ይባላል። ፋብሪካ ሠርቶት የሚመጣው የጭስ መሳቢያ በእርግጥ ለብዙ ሱቅ ውድ ነው። የሚያስፈልገው ግን እሱ አይደለም።

▪️ ከዕቃ ሳጥን የሚወጣ መፍትሔ

በየጥገና ሱቁ ከጠረጴዛ ሥር አንድ ሳጥን አለ። የሞቱ ቻርጀሮች፣ የተፈቱ ኮምፒውተሮች፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብለው የተቀመጡ ዕቃዎች ይገኙበታል። የጭስ መሳቢያው ከዚያ ይወጣል።

ዋናው ዕቃ 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የኮምፒውተር ፋን ነው። በ12 ቮልት ይሠራል፤ ብዙው የሚወስደው ከግማሽ አምፒር ያነሰ ነው። ከተበላሸ የዋይፋይ ራውተር የተረፈ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ይበቃዋል። ቀዩ ሽቦ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጋቲቭ፣ መሐል ላይ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ። ለጠጋኝ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቱቦው በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ባለ 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ስፋቱ ከፋኑ ጋር ስለሚቀራረብ በካርቶን ወይም በቁራጭ ኮምፔንሳቶ አንገት ተሠርቶለት በቴፕ ይታሸጋል። አንደኛው ጫፍ ከሥራው አጠገብ ይቀመጣል፤ ሌላኛው በመስኮት ወይም በግድግዳ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ፋኑ የሚገጠመው በውጨኛው ጫፍ ቢሆን ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ቱቦው ቢቀደድ እንኳ አየር ወደ ውስጡ ይሳባል እንጂ ጭስ ወደ ክፍሉ አያፈስም። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ የፋኑን ጉልበት ይበላል። የውጨኛው አፍ ወደ ታች ይታጠፍና ወንፊት ይልበስ፤ ዝናብና ወፍ እንዳይገቡበት። ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይተነፍስም ይታይ።

ብዙዎች የሚስቱት ርቀቱን ነው። ሻማን ከክንድ ርቀት እፍ ብሎ ማጥፋት ይቻላል፤ ከዚያው ርቀት አየር ወደ ውስጥ ስቦ ማጥፋት ግን አይቻልም። ፋንም ሲነፍስ ሩቅ ይደርሳል፤ ሲስብ ግን አጠገቡን ብቻ ነው የሚስበው። ከ11 ሴንቲሜትር ቱቦ አፍ 11 ሴንቲሜትር ርቆ ያለው አየር የሚንቀሳቀሰው አፉ ላይ ካለው ፍጥነት ከ10 በመቶ ባነሰ ነው። ስለዚህ የቱቦው አፍ ከቦርዱ በአንድ መዳፍ ርቀት ውስጥ፣ ከጎን ወይም ከኋላ በኩል መሆን አለበት። ከራስ በላይ መስቀል ትልቅ ስህተት ነው፤ ጭሱ ወደዚያ ለመድረስ በፊት በኩል ማለፍ አለበትና።

መሥራቱን መፈተሽም መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ እንጨት እጣን ለኩሶ አይረኑ በሚሠራበት ቦታ መያዝ ነው። ጭሱ ወደ ቱቦው ከተጎተተ ሠርቷል። ወደ ላይ ከወጣ ቱቦው ይጠጋ። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ፋኑ የሚስበው አየር ያጣልና በሩ ትንሽ ገርበብ ይበል።

የተለመደ ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን ምንም ሳይጋርደው በሰዓት 80 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያንቀሳቅሳል። ቱቦው ግማሹን ቢበላበት እንኳ 40 ይቀራል። ርዝመቱና ወርዱ 2 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ሱቅ 10 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ያ ማለት የሱቁ አየር ሙሉ በሙሉ በሰዓት 4 ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ ጭሱ ከምንጩ መወሰዱ ሳይቆጠር። ፋኑ 3 ዋት ቢወስድና በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን የሚያቃጥለው መብራት ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። ፋኑም፣ ቱቦውም፣ አዳፕተሩም ሁሉም ቢገዙ እንኳ ከአንድ ጥሩ ስልክ ስክሪን ዋጋ አይደርሱም። «ቅንጦት» የተባለው ይኸው ነው።

ወደ ውጭ መውጫ ለሌለውስ? ያን ጊዜ ማጣሪያ ይመጣል፤ እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋን ፊት ለፊት የሚለጠፈው ጥቁር የካርቦን ስፖንጅ ሽታውን ይቀንሳል፤ ደቃቁን ብናኝ ግን በአብዛኛው ያሳልፈዋል። ሽታው ጠፋ ማለት ጭሱ ጠፋ ማለት አይደለም። ለብናኙ ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ደካማው የኮምፒውተር ፋን መግፋት ያቅተዋል። የቡና ከሰል ፈጭቶ መሙላትም አይረዳም። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው በልዩ ሙቀት ታክሞ የአንድ ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ከ500 ሜትር ካሬ በላይ እስኪደርስ ድረስ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ የምድጃ ከሰል ይህ የለውም። ስለዚህ ማጣሪያ ሁለተኛ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ጭሱን ከቤት ማስወጣት ነው፤ ኩሽና ላይ ጭስ መውጫ የሠራች እናት ሁሉ የምታውቀው ነገር።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ይቀራሉ። የሆት ኤር አፍ ወደ ካርቶኑና ወደ ፕላስቲኩ አይዙር፤ እሳት ይሆናል። ያበጠ ባትሪ ጭስ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ይህ መሣሪያ ለእሱ አልተሠራም። ባትሪ ከጨሰ መሸሽ ነው።

▪️ ታዲያ ለምን አልተሠራም?

ጠጋኙ ሊሠራው የሚችለውን ነገር የማይሠራው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ማንም ስላልነገረው ነው። መንገር የነበረበት ደግሞ ስምና ወንበር ያለው ነው።

አንደኛው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛው ነው። ተማሪው ከሬዚስተር ቀለም እስከ መልቲሜትር አጠቃቀም ይማራል፤ የብቃት ምዘና ተፈትኖ ወረቀት ይወስዳል። «ደህንነት» የሚባለውም በማስተማሪያው ውስጥ በአንድ ምዕራፍ ይነበባል። ነገር ግን ለልምምድ ከሚሠሩት ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ይህ ፋን ለምን አይሆንም? ዲሲ ሰርኪዩት አለበት፣ ፖላሪቲ አለበት፣ አምፒር መለካት አለበት፣ ሶልደር ማድረግ አለበት። ከሁሉም በላይ ተማሪው ሲመረቅ ይዞት ይወጣል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሠርቶ ከመመረቅ ሳንባውን የሚጠብቅለት ዕቃ ሠርቶ መመረቅ አይሻልም?

ሁለተኛው አሠሪው ነው። ሕግ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ወረቀቱ ሞልቷል።

ቀዳዳው ያለው አዋጁ የሚጠብቀው የሥራ ውል ያለውን ሰው መሆኑ ላይ ነው። በጥገና ሱቅ ግን ብዙው ወጣት በፐርሰንት ነው የሚሠራው፤ ወይም ወንበር ተከራይቶ። ገቢው ሲካፈል «አብረን ነን» ይባላል፤ ደረቱ ሲታመም «የራስህ ሥራ ነው» ይባላል። ከጠረጴዛው ግማሽ ገቢ የሚወስድ ሰው ከጠረጴዛው ጭስም ግማሽ ኃላፊነት ሊወስድ ይገባዋል። ይህ የሕግ ትንተና ሳይሆን የይሉኝታ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው የሕንፃ ባለቤት ነው። ጥገናው ከቆርቆሮ ሱቅ ወደ መስታወት ሕንፃ ገብቷል። የቆርቆሮው ሱቅ ቢያንስ ቀዳዳ ነበረው። መስታወቱ ያምራል፤ አየር ግን አያሳልፍም። ጠጋኙ ቱቦ ላውጣ ቢል «የሕንፃው ገጽታ ይበላሻል» ይባላል። ወለል ሙሉ ለጥገና የሚያከራይ ባለቤት ሁሉንም ጠረጴዛ የሚያገናኝ አንድ የጋራ ጭስ መውጫ መዘርጋት አያቅተውም። ለሬስቶራንቱ ኩሽና ሠርቶ የለም ወይ? የክትፎ ጭስ መውጫ ያለው ሕንፃ ለሰው ሳንባ መውጫ ሲነፍግ ዝም መባል የለበትም።

እዚህ ላይ የሚነሳ እውነተኛ ስጋት አለ። ነገሩ ደንብ ይሁን ከተባለ፣ ነገ አንድ ተቆጣጣሪ በየሱቁ እየዞረ «ፋንህ የታለ?» እያለ ኪሱን ይሞላል፤ ድሃው ጠጋኝ ከጭሱ በተጨማሪ ቅጣት ይተነፍሳል። ስጋቱ ትክክል ነው። ለዚህም ነው ነገሩ በቅጣት መጀመር የሌለበት። በማሠልጠኛው ይጀመር፤ ብቃት ምዘናው ላይ ይጠየቅ፤ ለጥገና በሚከራይ ወለል ላይ የጭስ መውጫ ግዴታው በተከራዩ ሳይሆን በአከራዩ ላይ ይጣል። ሥራ ፈጠራ ቢሮዎችም ለወጣት ማኅበራት ሼድ ሲሰጡ መስኮቱንና ቱቦውን አብረው ይስጡ። ይህ ሁሉ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ሳይሆን ያለውን አሠራር አንድ መስመር የሚያስጨምር ነው።

አገሪቱ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ስትራቴጂ አውጥታለች፤ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን መርሐ ግብር ዘርግታለች። ክፍያው፣ ባንኩ፣ ትምህርቱ፣ መታወቂያው ሁሉ ወደ ስልክ እየገባ ነው። ያ ስልክ ሲወድቅና ሲበላሽ ግን የሚያነሳው በመድረኩ ላይ የሚታየው ሰው አይደለም። አዲስ ስልክ መግዛት ለማይችለው ሕዝብ ዲጂታሉን ዓለም ሶልደር አድርጎ ያቆየው በሁለት ሜትር ሱቅ ውስጥ የተደፋው ወጣት ነው። በየሪፖርቱ «የሥራ ዕድል ተፈጠረለት» ተብሎ ይቆጠራል። የተቆጠረው ጭንቅላት ከሳንባ ጋር መሆኑን ግን የሚያስታውስ የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የዚህኛው ቅጠል ከጠረጴዛ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ማሠልጠኛው ያስተምር፤ አከራዩ ቀዳዳውን ይፍቀድ፤ ባለሱቁ ቱቦውን ይግዛ። ጠጋኙ እነሱን እስኪጠብቅ ድረስ ግን ሳንባው አይጠብቅምና ዛሬ ማታ ፋኑን ይፍታ።

የሚጠግን ወንድም፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ያድርስለት። ወተትም ይዞለት ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ለምሳው።